አሌክሳንደር ግራሃም ቤል፤ በብርሃን የተላከው ድምፅና የሴሌኒየም ዕጣ

የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ስም በተነሣ ቁጥር በሁላችንም ሐሳብ የሚመጣው ስልክ ነው። ቤል ራሱ ግን በሽምግልናው ዘመን ስለ ሥራዎቹ ሲናገር ከሁሉ የበለጠ አድርጎ ይቈጥር የነበረው ስልክን አልነበረም። ዛሬ ከሙያው ሰዎች በቀር ብዙ ሰው የማያስታውሰውን፣ ገበያ ያልወጣለትን፣ ፎቶፎን የተባለውን መሣሪያ ነበር። ዓለምን በለወጠው ሥራው ፈንታ ባልተሳካለት ሥራው የሚኮራ ሰው ያስገርማል።

የማኅበራችን መጽሔት ዝግጅት ክፍል ስለ ስስ ሽፋን የፀሐይ ሴሎችና ስለ ብርሃን ተቀባይ ሴሚኮንዳክተሮች አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ነገሩን ከዚህ ሰው ሕይወት ልጀምረው የፈለግሁት በዚህ ምክንያት ነው። የፀሐይ ሴል ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በተሳኩ ሥራዎች ሰንሰለት ነው። እውነተኛው ታሪክ ግን ሐሳብ ቀድሞ ቁስ አካል የዘገየበት፣ ሰዎችም ምክንያቱን ሳያውቁ የደከሙበት ነው። የቤል ሕይወት ይህን በግልጥ ያሳያል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ትውልድና አስተዳደግ

ቤል ማርች 3 ቀን 1847 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንበርግ ተወለደ። የተወለደበት ቤት ሥራው ሁሉ ከድምፅ ጋር የተያያዘ ነበር። አያቱ የአነጋገር ሥርዓት አስተማሪ ነበሩ። አባቱ አሌክሳንደር ሜልቪል ቤልም ይህንኑ ሙያ ወርሰው፣ ከንፈር፣ ምላስና ጉሮሮ እያንዳንዱን ድምፅ ሲያወጡ የሚይዙትን አኳኋን በምልክት የሚያሳይ የአጻጻፍ ዘዴ ፈጥረዋል። በዚሁ ቤት ውስጥ እናቱ ኤሊዛ መስማት ተስኗቸው ይኖሩ ነበር። ልጁም አፉን ወደ ግንባራቸው አስጠግቶ በዝግታና በወፍራም ድምፅ ያነጋግራቸው ነበር። ድምፅ ንዝረት መሆኑን፣ ንዝረትም ከጆሮ ሌላ መንገድ ሊያገኝ እንደሚችል ቤል የተማረው ከመጽሐፍ አስቀድሞ ከእናቱ ነው ለማለት ይቻላል።

የሳንባ ነቀርሳ ታናሽ ወንድሙን በ1867፣ ታላቅ ወንድሙን ደግሞ በ1870 ገደለ። ወላጆቹ የቀራቸውን አንድ ልጅ ለማዳን ሲሉ አገራቸውን ለቀው በ1870 ወደ ካናዳ ተሻገሩና በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በብራንትፎርድ ሰፈሩ። ቤልም ጤናው ሲመለስለት በ1871 ወደ አሜሪካ ከተማ ወደ ቦስተን ሄዶ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ማስተማር ጀመረ። በ1873 በቦስተን ዩኒቨርስቲ የድምፅ አፈጣጠር ትምህርት ፕሮፌሰር ሆነ። ከተማሪዎቹ አንዷ በአምስት ዓመቷ በጽኑ ትኩሳት ምክንያት የመስማት ችሎታዋን ያጣችው ማቤል ሀባርድ ነበረች፤ ኋላም ሚስቱ ሆናለች።

ስልክ

የስልክ ታሪክ በሰፊው የታወቀ ስለ ሆነ እዚህ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ቤል ከባለሙያው ከቶማስ ዋትሰን ጋር ሲሠራ ቆይቶ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1876 የፈጠራ መብት ጥያቄውን አስገባ። ኤላይሻ ግሬይ የተባለው ሌላ ፈጣሪም በዚያው ቀን ተመሳሳይ ማስታወቂያ አስገብቶ ስለ ነበር፣ ከዚያ የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎችን ያነጋግራል። ፓተንቱ ለቤል ማርች 7 ተሰጠ። ከሦስት ቀን በኋላ የሚሰማ ንግግር በሽቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ተላለፈ። በዚያው ዓመት በፊላደልፊያ በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን የብራዚሉ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፔድሮና ታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ ሰር ዊልያም ቶምሰን መሣሪያውን ሰምተው ተደነቁ።

በ1877 የስልክ ኩባንያው ሲቋቋምና ቤልም ማቤልን ሲያገባ፣ ከአክሲዮኖቹ አሥሩን ብቻ አስቀርቶ የቀረውን ለሚስቱ የሠርግ ስጦታ አድርጎ ሰጠ። ከዚያ ወዲያ የገንዘብ ችግር አልነበረበትም። እንግዲህ ወጣቱ ባለ ሀብት ቀሪ ዘመኑን በዕረፍትና በክብር ሊያሳልፍ ይችል ነበር። እሱ ግን አእምሮው በሌላ ነገር ተይዞ ነበር።

ሴሌኒየም

ሴሌኒየም የተባለውን ንጥረ ነገር በ1817 ያገኘው ስዊድናዊው ኬሚስት ቤርሴሊየስ ነው። ስሙንም ያወጣለት በግሪክኛ ከጨረቃ መጠሪያ ነው። ለብዙ ዘመን ከላቦራቶሪ ውጭ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልነበረውም። በ1873 ግን ዊሎቢ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ኬብል በሚዘረጋበት ጊዜ ለመፈተኛ የሚሆን ከፍተኛ ሬዚስታንስ ፈለገና የሴሌኒየም ዘንጎችን ተጠቀመ። ዘንጎቹ ግን አንድ ዓይነት ልክ አልሰጥ አሉ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ በሣጥን ተከድነው በጨለማ ሲቀመጡ ሬዚስታንሳቸው ከፍ እንደሚል፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው ደግሞ ወዲያው ዝቅ እንደሚል ታወቀ። የመለኪያ ጉድለት መስሎ የታየው ነገር አዲስ የተፈጥሮ ጠባይ ሆኖ ተገኘ።

ከሦስት ዓመት በኋላ በ1876 በለንደን ዊልያም ግሪልስ አዳምስና ሪቻርድ ዴይ ሌላ እርምጃ ጨመሩ። ሴሌኒየም ብርሃን ሲያርፍበት ሬዚስታንሱ ከመቀነሱም ሌላ፣ ባትሪ ሳይኖር በራሱ ኮረንት ሊያመነጭ እንደሚችል አዩ። ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል በ1839 በፈሳሽ ውስጥ በተነከሩ የብረታ ብረት ሳህኖች ላይ ያየው ነገር አሁን በጠጣር ቁስ ላይ ታየ ማለት ነው። ዛሬ ሁለቱን ጠባዮች ለይተን እናውቃቸዋለን፤ የመጀመሪያው የብርሃን ጠቋሚ መሣሪያዎች፣ ሁለተኛው የፀሐይ ሴል መሠረት ነው። በዚያን ጊዜ ግን ለአንዱም ለሌላውም ምክንያት ሊሰጥ የሚችል ሳይንስ አልነበረም።

ቤል ይህን ወሬ የተመለከተው በስልክ ባለሙያ ዓይን ነበር። በስልኩ ውስጥ ድምፅ የሚተላለፈው ኮረንቱ ከድምፁ ጋር ከፍና ዝቅ ሲል ነው። ሴሌኒየም ደግሞ ኮረንቱን ከብርሃን ጋር ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ብርሃኑን ከድምፁ ጋር ከፍና ዝቅ ማድረግ ቢቻል፣ በመካከል ያለ ሽቦ ድምፅን ከቦታ ወደ ቦታ መላክ ይቻላል ማለት ነው። በ1878 በለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን ባደረገው ንግግር በሴሌኒየም ላይ የሚያልፍን ጥላ በጆሮ መስማት እንደሚቻል አመለከተ።

ፎቶፎን

ቤል በ1879 ወደ ዋሽንግተን ተዛውሮ በኤል ጎዳና በ1325 ቁጥር ላቦራቶሪ አቋቋመ። ቻርልስ ሳምነር ቴይንተር የተባለ እጀ ብልህ የመሣሪያ ሠሪንም ቀጠረ። የሚቀጥለውን ሥራ የሁለቱ ሰዎች እንጂ የአንዱ ብቻ አድርጎ መናገር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ትልቁ ችግር ሴሌኒየሙ ራሱ ነበር። ቀደም ሲል ይሠሩ የነበሩት ሴሎች ሬዚስታንሳቸው እጅግ ከፍተኛ ስለ ነበር ከስልክ ጋር ሲገናኙ የሚሰማ ድምፅ አይሰጡም ነበር። ሁላችንም በትምህርት ቤት እንደ ተማርነው ሬዚስታንስ በመንገዱ ርዝመት ልክ ይጨምራል፣ በመንገዱ ስፋት ልክ ይቀንሳል። ቤልና ቴይንተር መፍትሔውን ያገኙት ከዚሁ ቀላል ሕግ ነው። ክብ የናስ ዝርግና ክብ የማይካ ዝርግ እያፈራረቁ እንደ ጥቅል ደረደሩ። የማይካዎቹ ዙሪያ ከናሱ ትንሽ ጠበብ ያለ ስለ ነበር በናሶቹ መካከል ቀጫጭን ክፍተት ተፈጠረ። ክፍተቶቹን በቀለጠ ሴሌኒየም ሞሉት፤ ናሶቹንም አንዱን ዘለው ሁለተኛውን እየያዙ በሁለት ወገን አገናኙአቸው። በዚህ ዘዴ ኮረንቱ የሚሄድበት መንገድ እጅግ አጭር፣ የሚያልፍበት ገጽ ግን እጅግ ሰፊ ሆነ። ሴሌኒየሙንም አሙቆ ወደ ክሪስታልነት የመለወጡን ሥራ፣ ረጅም ሰዓት ይፈጅ የነበረውን፣ በአጭር ጊዜ የሚፈጸም አደረጉት። በመጨረሻ በጨለማ 300 ኦም፣ በብርሃን 155 ኦም ብቻ የሆነ ሴል በእጃቸው ገባ። የዛሬ ብርሃን ተቀባይ መሣሪያ ሠሪ ሁለት የብረት ማበጠሪያዎችን ጥርስ ለጥርስ አስገብቶ በመካከላቸው ስስ ሴሚኮንዳክተር ሲዘረጋ የሚከተለው ዘዴ ይኸው ነው።

ላኪው ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነበር። መጀመሪያ ቀጫጭን ስንጥቆች ያሏቸውን ሁለት ሳህኖች አንዱን ከሌላው ፊት አቁመው፣ አንዱ በድምፅ ሲንቀጠቀጥ የሚያልፈው ብርሃን እንዲበዛና እንዲያንስ አደረጉ። ቀጥሎም በብር የተለበጠ እጅግ ስስ መስተዋት ተጠቀሙ። ሰው ከመስተዋቱ በስተ ኋላ ሲናገር መስተዋቱ ጎበጥ ጎደጎድ ይላል፤ የሚያንጸባርቀውም የፀሐይ ብርሃን ይሰበሰባል፣ ይበተናል። በተቀባዩ ጫፍ ትልቅ ጎድጓዳ መስተዋት ብርሃኑን አሰባስቦ በሴሌኒየሙ ላይ ያሳርፈዋል፤ ሴሌኒየሙም ከባትሪና ከስልክ ማዳመጫ ጋር የተያያዘ ነው።

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1880 መሣሪያው በላቦራቶሪው ውስጥ ሠራ። ከአራት ቀን በፊት ሁለተኛ ሴት ልጁ ተወልዳ ስለ ነበር ቤል በደስታው ብዛት ሕፃኗን ፎቶፎን ብሎ ሊሰይማት ፈለገ። ማቤል ባትከለክለው ኖሮ ልጅቱ ይህን ስም ተሸክማ ትኖር ነበር። ደግነቱ ማሪያን ተባለች። በዚያው ዓመት ቴይንተር መሣሪያውን ይዞ በፍራንክሊን ትምህርት ቤት ጣራ ላይ ወጣ፤ ቤል 213 ሜትር ርቆ በላቦራቶሪው ውስጥ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። ቴይንተር በብርሃኑ በኩል፣ ድምፁ ተሰምቶት እንደ ሆነ ወደ መስኮቱ መጥቶ ባርኔጣውን እንዲያውለበልብ ነገረው። ቤልም ብቅ ብሎ ባርኔጣውን አውለበለበ። የሰው ንግግር በመካከል ሽቦ ሳይኖር እንዲህ ካለ ርቀት ሲደርስ ይህ በታሪክ የመጀመሪያው ነበር።

በኦገስት 1880 ቤል ሥራውን በቦስተን ለተሰበሰቡ የሳይንስ ሰዎች በዝርዝር አቀረበ። ዘዴውን፣ ልኩን፣ የሞከራቸውን ቁሶች ሁሉ አንድ በአንድ ገለጠ። ፓተንቱም በዲሴምበር ተሰጠ። የፈረንሳይ መንግሥት ስለ ስልክ ሥራው በሰጠው 50,000 ፍራንክ የቮልታ ሽልማትም ምርምሩን የሚቀጥልበትን የቮልታ ላቦራቶሪ አደራጀ።

ያልተሳካበት ምክንያት

ፎቶፎን ለአገልግሎት ያልዋለባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው አየሩ ነው። ደመና፣ ዝናብ፣ ጭጋግ ወይም በመካከል የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ንግግሩን ይቈርጠዋል። ሁለተኛው የብርሃኑ ምንጭ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ንግግሩም አብሮ ይጠልቃል፤ በመብራት ሲሠራም ርቀቱ ያጥራል። ሦስተኛው ሴሌኒየሙ ነው። በሙቀትና በእርጥበት ጠባዩ ይለዋወጣል፤ ብርሃኑ ሲለወጥ ለመመለስ ይዘገያል፤ አንዱ ሴል ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። የስልክ ሽቦ በየከተማው በሚዘረጋበት በዚያ ዘመን ነጋዴ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ምን ያደርገዋል?

በእኔ አስተያየት ከሦስቱ ሁሉ የሚጸናው ሦስተኛው ነው። ለፀሐይ በሌላ ዘመን ምትክ ተገኘላት፤ ለአየሩም መከለያ ተገኘለት። ቤል ግን ሴሌኒየም ለምን ብርሃን እንደሚሰማው ሳያውቅ ይሠራ ነበር። ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር ደግሞ በሙከራ ብዛት ይሻሻል ይሆናል እንጂ ከተወሰነ ልክ አያልፍም። አልበርት አይንሽታይን ብርሃን በተወሰኑ የኃይል ጥቅሎች እንደሚሠራ ያመለከተው ገና በ1905 ነው። በጠጣር ቁስ ውስጥ ኤሌክትሮኖች እንዴት እንደሚኖሩ፣ ሴሚኮንዳክተር ከብረትና ከኮረንት ከልካይ ቁስ በምን እንደሚለይ አላን ዊልሰን ያብራራው በ1931 ነው። በዚያን ጊዜ ቤል ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር።

የኋላ ዘመኑ

የ1881 ክረምት ለቤል መራራ ነበር። በጁላይ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ተመተው ሲሠቃዩ፣ ቤልና ቴይንተር በሰውነታቸው ውስጥ የቀረችውን ጥይት ለማግኘት የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ሠርተው አቀረቡ። መሣሪያው በሌላ ቦታ ሲሞከር የሚሠራ ቢሆንም በሕመምተኛው ላይ አልሠራም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ አልጋው የብረት ሽቦ የነበረበት መሆኑ ነው። ፕሬዚዳንቱ በሴፕቴምበር ሞቱ። በኦገስትም የቤል ወንድ ልጅ ተወልዶ መተንፈስ ተስኖት ወዲያው ሞተ። ቤል ከሐዘኑ ተነሥቶ ለመተንፈስ የሚረዳ የአየር መሣሪያ ሠራ።

ከፎቶፎን ምርምር ሌላ ፍሬም ተገኝቷል። ቤልና ቴይንተር የሚቈራረጥ ብርሃን ያረፈባቸው የልዩ ልዩ ቁሶች ስስ ዝርጎች ራሳቸው ድምፅ እንደሚያሰሙ አገኙ። ይህ ጠባይ ዛሬ በአየር ውስጥ ያሉ ጋዞችን በጥቂት መጠንም ቢሆን ለመለየት ያገለግላል።

የሰውየውን ሕይወት ስንጽፍ ጉድለቱን መሸፈን አይገባንም። ቤል ራሱን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው መስማት የተሳናቸው ሰዎች አስተማሪ ብሎ ነበር። ሆኖም ልጆቹ በንግግር ብቻ እንዲማሩ አጥብቆ ሲከራከር የምልክት ቋንቋን ነቀፈ። በ1883 ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጥናትም መስማት የተሳናቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው መጋባታቸውን እንደ አደጋ አድርጎ አሳየ። ይህ አቋሙ በብዙዎች ላይ ጉዳት አድርሷል፤ ዛሬም በዚያ ማኅበረሰብ ዘንድ በምሬት ይታሰባል። የጥላን ድምፅ ለመስማት ዓመታት የደከመ ሰው፣ ስለ ራሳቸው ኑሮ የሚነግሩትን ሰዎች በበቂ አላዳመጠም።

በኋለኛው ዘመኑ በካናዳ በኖቫ ስኮሺያ በባዴክ አጠገብ ሰፊ ርስት ይዞ በርሮ መሄጃ ማሽንና በውሃ ላይ የሚከንፍ ጀልባ ይመረምር ነበር። የተባባሪዎቹ ሲልቨር ዳርት የተባለ አውሮፕላን በ1909 በባዴክ በረዶ ላይ ተነሥቶ በካናዳ የመጀመሪያውን የሞተር በረራ አደረገ። ጀልባውም በ1919 በሰዓት 114 ኪሎ ሜትር ሄዶ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። ቤል ኦገስት 2 ቀን 1922 በ75 ዓመቱ በዚያው አረፈ። በቀብሩ ሰዓት በሰሜን አሜሪካ ያሉ ስልኮች ለአንድ ደቂቃ ጸጥ አሉ።

ከዚያ ወዲህ

ሴሌኒየም ግን አልሞተም። በ1883 አሜሪካዊው ቻርልስ ፍሪትስ በብረት ሳህን ላይ ስስ ሴሌኒየም ዘርግቶ፣ በላዩም ብርሃን የሚያሳልፍ እጅግ ስስ ወርቅ አልብሶ የመጀመሪያውን ስስ ሽፋን የፀሐይ ሴል ሠራ። ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነበር። ዌርነር ፎን ሲመንስ በ1885 ሥራውን ለፕሩሲያ አካዳሚ ሲያቀርብ ትልቅ ነገር መሆኑን ቢያምንም፣ ምክንያቱን ማስረዳት አልቻለም። በ1954 ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ከመቶ ስድስት እጅ የሚሰጥ የሲሊኮን ሴል ሠርተው አሳዩ። የሠሩበትም ቦታ የቤልን ስም የያዘው የስልክ ላቦራቶሪ ነበር። የፈለጉትም ሩቅ ለሆኑ የስልክ መስመሮች የሚሆን የኃይል ምንጭ ነበር።

ከሲሊኮን ጎን ደግሞ የፍሪትስ መንገድ እንደገና ተከፈተ። መዳብ፣ ኢንዲየም፣ ጋሊየምና ሴሌኒየም የተዋሐዱበት ቁስ ብርሃንን አጥብቆ ስለሚውጥ፣ ሲሊኮን ከመቶ ማይክሮን በላይ ውፍረት በሚፈልግበት ቦታ ሁለት ማይክሮን ገደማ ይበቃዋል። በላቦራቶሪም ከመቶ ከ23 እጅ በላይ ሰጥቷል። ክሪስታል ያልሆነ ሴሌኒየም ደግሞ በሐኪም ቤት የጡት ነቀርሳን በሚፈልጉ የራጅ መሣሪያዎች ውስጥ ብርሃን ተቀባይ ሆኖ ይሠራል። የቤል ሐሳብም በመስተዋት ቀጭን ክር ውስጥ ገብቶ፣ ፀሐይን በሌዘር፣ ሴሌኒየምን በሌላ ሴሚኮንዳክተር ተክቶ፣ የዓለምን የስልክ ንግግር ይሸከማል።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ቤል ገና በሕይወት ሳለ ነው። ዛሬ ደግሞ የመብራት መስመር ባልደረሰባቸው ተራሮቻችን ላይ የቆሙ የስልክ ጣቢያዎች ኃይላቸውን ከፀሐይ ሴል ሲያገኙ እናያለን። ቤል አንድ ላይ ሊያገናኛቸው የደከመባቸው ብርሃንና ድምፅ እዚያ ተገናኝተዋል፤ የተገናኙት ግን እሱ ባሰበው መንገድ አይደለም።

ብዙዎቻችን በመሳቢያችን ውስጥ ያልተሠራ ፕላን፣ ያልተሳካ የሙከራ ውጤት አለን። አብዛኛውን ጊዜ እንዲረሳ እንፈልጋለን፤ ሪፖርቱንም አጭር እናደርገዋለን። ቤል እንዲህ አላደረገም። የሴሌኒየሙን ልክ፣ የናሱንና የማይካውን አደራደር፣ የሠራውንም ያልሠራውንም ለባልደረቦቹ አቀረበ። ቁሱ እስኪገኝ ድረስ ሌሎች ከዚያ ሊቀጥሉ የቻሉት ሥራው ተጽፎ ስለ ቆያቸው ነው። በፎቶፎን ይኮራ የነበረውም ይህን ስለ ተረዳ ይመስለኛል። ስልክ የሠራው በዘመኑ የነበረውን ነገር ተጠቅሞ ነው፤ ፎቶፎንን የሠራው ግን ገና ላልነበረ ነገር ነው።